ከቅጠሉ ሆድ የሚሰማው ድምፅ

ያለፈው ዓመት የዳግማይ ትንሣኤ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ኦሃዮ፣ ኒው አልባኒ ውስጥ በአንድ ቀይ የጡብ ቤት ደጃፍ፣ ሦስት ሰዎች አንድ ቁጥቋጦ ከበን ጆሯችንን ቀስረናል። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው የቤቱ ባለቤት እናት ነጠላቸውን ከንፋሱ ሰብስበው ጎንበስ ብለዋል። አትክልተኛው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም እንድንል ያመለክታል። መጀመሪያ የሰማሁት የንቦችን ድምፅ ነበር። ቦክስውድ በዚህ ሰሞን ለዓይን የማትሞላ ቢጫ አበባ ያወጣል፤ ንቦችም ውለው የሚያድሩበት ይመስላሉ። ቆየት ብሎ ግን ከንቦቹ ሥር ሌላ ድምፅ መጣልኝ፤ ምጣድ ላይ ያለ ተልባ ከጓዳ ሲንጣጣ የሚመስል፣ ደቃቅና የማያቋርጥ።

«ሰማችሁት? እየበሉ ነው» አለ አትክልተኛው።

አንድ ቅጠል ቀጠፈና ገለበጠው። ጀርባው እሳት እንደነካው ቆዳ ውሃ ቋጥሮ አብጧል። በጥፍሩ ለሁለት ሲገነጥለው፣ ከላይኛውና ከታችኛው ሽፋን መካከል አራት ብርቱካናማ ትሎች ተኝተዋል። እያንዳንዳቸው የሰሊጥ ፍሬ ያክላሉ።

እትዬ አማተቡ። «በስመ አብ! እኔ እኮ ብርዱ ነው የጠበሰው ብዬ ስንት ጊዜ ውሃ አጠጣሁት።»

እትዬ ብቻቸውን አልተሳሳቱም። ከዚያ ቀደም ባለው ኦገስት ልጃቸው ገንዘብ ከፍላ አንድ ድርጅት አስመጥታ ነበር። ሰውየው ታንኩን አዝሎ መጣ፣ ቁጥቋጦውን ዙሪያውን ረጨ፣ ደረሰኝ ሰጥቶ ሄደ። ምን እንደሚገድል አልተናገረም፤ እነሱም አልጠየቁም። ትሎቹ ግን ያን ጊዜ በቅጠሉ ሽፋኖች መካከል ተዘግተው ነበር። ላይ ላዩን የተረጨው መድኃኒት በጣሪያ ላይ እንደወረደ ዝናብ አለፋቸው። ያ ርጭት ያገኘው ሌላውን ሁሉ ነው፤ ሸረሪቱን፣ ባለ ነጠብጣቡን ቀይ ጥንዚዛ፣ ተርቡን። ጠላት ተብሎ ወዳጅ ተገደለ።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ ደረሰኝ ነው። በኮሎምበስ ዙሪያ ቤት የገዛው ሐበሻ ግቢው ሲጎዳበት ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው መፍትሔ አንድ ነው፤ ማስረጨት። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ይህ ተባይ ማን ነው? አሁንስ የት ደርሷል? ሁለቱን ያልመለሰ ሰው እጁ ላይ ያለው መድኃኒት ምንም ይሁን ምን እንዲያው ገንዘቡን ነው የሚረጨው።

ኒው አልባኒን ያየ ሰው ሁለት ነገር አይረሳም፤ ነጩን የእንጨት አጥርና ቦክስውዱን። በ1837 (እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የተቆረቆረችው ይህች ከተማ ከኮሎምበስ በስተሰሜን ምሥራቅ ናት። ለብዙ ዘመን የገበሬ መንደር ሆና ኖራ፣ ካለፈው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ በጆርጂያን የአሠራር ስልት፣ በቀይ ጡብና በነጭ መስኮት እንደ አዲስ ተገነባች። ለዚህ ዓይነት ቤት ከቦክስውድ የተሻለ ጌጥ የለም፤ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ በመቀስ የፈለጉትን ቅርጽ ይይዛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አጋዘን አይበላውም። ኦሃዮ ውስጥ አጋዘን እንደ ሰፈር ፍየል በር ለበር ስለሚዞር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እናም መንገዱ ሁሉ፣ ደጃፉ ሁሉ ቦክስውድ ሆነ። ለሰው ዓይን ሥርዓት ነው። ለአንዲት ቦክስውድ ብቻ ለምትበላ ዝንብ ግን ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ገበታ ነው።

ዝንቧ ከአውሮፓ የመጣች ናት። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የቦክስውድ ቅጠል ቆፋሪ ይሏታል። ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆን፣ ትንኝ የምትመስል፣ ብርቱካናማ ናት። በዓመት አንዴ፣ በሜይ ወር፣ ዋይጊላ የሚባለው ቁጥቋጦ በሚያብብበት ሰሞን ትወጣለች። ከቅጠል ውጭ የምትኖረው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። በነዚያ ቀናት በአዲሱ ለስላሳ ቅጠል ጀርባ እንቁላሏን ሰክታ ትሞታለች። የተፈለፈሉት ትሎች በጋውን፣ መኸሩንና በረዶውን እዚያው ቅጠል ውስጥ ያሳልፋሉ፤ ፀደይ ሲመጣ ደግሞ ባለ በሌለ ጉልበታቸው ይበላሉ። እኛ የሰማነው ያንን የመጨረሻውን ግብር ነበር።

አትክልተኛው ይህን ሲያስረዳን አንገቱ ላይ የተንጠለጠለች ማጉያ መነጽር ነበረችው። የለመዳት ዝዋይ ነው፤ ዛሬ ባቱ በምንላት ከተማ፣ ከሐይቁ ዳር ባሉት የጽጌረዳ እርሻዎች። እዚያ ሥራው መርጨት አልነበረም፤ መቁጠር ነበር። በየመደዳው እየገባ፣ ቅጠል እየገለበጠ፣ ቀይ ሸረሪት ስንት እንደታየ በወረቀት ይመዘግባል። ሸረሪቷ ስትበዛ ቀይ ሸረሪት የሚበላ ሌላ ደቃቅ አዳኝ ይለቀቅባታል። «መድኃኒት የመጨረሻው ነው» ይላል። «እኔ ኦሃዮ መጥቼ ነው ሰው ሳያይ ሲረጭ ያየሁት።»

እንዴት እንደሚያይ አሳየን። ብርድና ንፋስ ያቃጠለው ቦክስውድ የሚቀላው ንፋሱ በሚመጣበት ጎን፣ ከውጭ በኩል ነው። የመንገድ ጨው የጎዳው በመንገዱ በኩል ከታች ይደርቃል። ውሻ የሚሸናበት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይጠቁራል። የጫፍ ቅጠሎች እንደ ማንኪያ ጎድጉደው ተሰብስበው በመካከላቸው ነጭ ሰም መሳይ ነገር ከታየ፣ ሲሊድ የምትባል ጭማቂ መጣጭ ናት፤ መልክ ታበላሻለች እንጂ ተክሉን አትገድልም፣ የመከርከሚያ መቀስ ይበቃታል። የቅጠሉ ገጽ በመርፌ እንደተጫረ ሁሉ ጥቃቅን ነጭ ሰረዝ ካለበት ነጭ ወረቀት ከሥሩ ይዞ ቅርንጫፉን መታ መታ ማድረግ ነው። ወረቀቱ ላይ የሚንቀሳቀሱ ነጥቦች ካሉ የሸረሪት ዘመድ የሆነው ደቃቅ ተባይ ነው። እብጠት ካለ ግን መገንጠል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ጥፍር፣ ወረቀትና አሥር ደቂቃ ነው።

የዚያን ዕለት መድኃኒት አልነካንም። ንቦቹ አበባው ላይ ስለነበሩ መርጨት ነውር ነው፤ በብዙ መድኃኒቶች ላይ በተጻፈው መመሪያ መሠረትም ክልክል ነው። አትክልተኛው አመሻሽ ላይ፣ ንቦቹ ሲገቡ፣ የቁጥቋጦውን የውጭ ሽፋን ቆረጠና ትል የያዘውን ቅጠል ሁሉ በከረጢት አስሮ አስወገደው። ዝንቦቹ ሳይወጡ ቤታቸው ሄደ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉት ነገር እዚህ ቃል በቃል ሠራ።

ከጊዜ ጋር ያለው ጨዋታ ግን ከቦክስውድ ይሰፋል፤ እኔም በዚህ ጉዳይ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ነፍሳት የግድግዳ ካላንደር አያነቡም፤ የሚያነቡት ሙቀት ነው። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነፍሳት ተመራማሪ የነበረው ዳንኤል ኸርምስ ይህንን ለተራው ሰው በሚገባ መልክ አቀናብሮታል። ስሌቱ ከጃንዋሪ 1 ይጀምራል። የዕለቱ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ተደምሮ ለሁለት ይካፈላል፤ ከዚያ 50 ፋራናይት ይቀነሳል። ቀን 70፣ ሌሊት 50 ከነበረ አማካዩ 60 ነው፤ ለዚያ ቀን 10 ነጥብ ተመዘገበ ማለት ነው። ነጥቡ በየቀኑ ይጠራቀማል። ወደ 830 ሲጠጋ ካታልፓ የሚባለው ትልቅ ዛፍ ነጭ አበባውን ሙሉ በሙሉ ይከፍታል፤ በዚያው ሰሞን ጥድ የሚበላው ከረጢት ለባሽ ትል ይፈለፈላል። 970 አካባቢ የጃፓን ጥንዚዛ ከሣር ሥር ይወጣል። የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ የሰፈራችሁን ዚፕ ኮድ፣ ለኒው አልባኒ 43054ን፣ ስታስገቡ የዕለቱን ነጥብ ይነግራችኋል።

እትዬ ይህ ሲነገራቸው ብዙም አልደነቃቸውም። «የመስቀል ወፍ ስትመጣ፣ አደይ ስትፈነዳ እኮ እኛም ወሩን እናውቃለን» አሉ። እውነታቸውን ነው። ገበሬው ሰማይና አበባ እያየ ሲዘራ የኖረበት ጥበብ ነው፤ እዚህ ቁጥር ተሰጥቶታል።

ያ ከረጢት ለባሽ ትል በግቢው በሌላኛው ጎን ነበር። ከጎረቤት የሚለየው የአርቦርቫይቲ አጥር አለ፤ ሐበሻው ሁሉ ጥድ ነው የሚለው። ቅርንጫፉ ላይ ቡናማ ፍሬ የሚመስሉ ነገሮች ተንጠልጥለዋል። ብዙ ሰው የዛፉ ፍሬ ይመስለዋል፤ እኔም መስሎኝ ነበር። አንዱን ቀስ ብለን በመቀስ ሰነጠቅነው፤ ውስጡ እንደ ዱቄት የረገፈ ቢጫ እንቁላል ሞልቷል። በአንድ ከረጢት ከ500 እስከ 1000 ሊሆን ይችላል። እናቲቱ ክንፍ የላትም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከሐርና ከቅጠል በሠራችው ከረጢት ውስጥ ኖራ፣ እዚያው እንቁላሏን ትታ ትሞታለች። ልጆቿ ሲፈለፈሉ በቀጭን ድር ተንጠልጥለው ንፋስ ይጭናቸዋል፤ ወደ ቀጣዩ ጥድ፣ ወደ ቀጣዩ ግቢ። ቦክስውድ ቅጠሉ ቢረግፍ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ይህ ጥድ ግን ሙሉ በሙሉ ከተበላ አይመለስም። ስለዚህ ከኖቬምበር እስከ ሜይ አጋማሽ እንቁላሉ ገና ከረጢቱ ውስጥ ሳለ በእጅ መልቀም ነው። ዛፉ ለእጅ ከረዘመ፣ ትሎቹ ገና ደቃቅ ሳሉ ቢቲ በሚል አጭር ስም የሚሸጠው ባክቴሪያ ይረጫል። የበላው የእሳት ራት ትል ይሞታል፤ ንቡንና ጥንዚዛውን አይነካም። ጁላይ አጋማሽ ካለፈ ግን ትሉ ስለሚጠነክር እምብዛም አይሠራም።

ጥድ ሲደርቅ ማየት ለእኛ አዲስ አይደለም። በ1986 ማላዊ ውስጥ የታየው የጥድ ክሽክሽ በ1990 ኬንያ ደርሶ፣ ኋላም ኢትዮጵያ ገብቶ የፈረንጅ ጥድ አጥሮችንና ደኖችን አቃጥሏል። ያን ክሽክሽ ለመግታት፣ በውስጡ እንቁላሏን የምትጥል አንዲት ደቃቅ ተርብ ከአውሮፓ መጥታ በማላዊና በኬንያ ተለቀቀችበት። ሐሳቡ የቆየ ነው። በ1888 አልበርት ኬበሌ የተባለ ሰው የካሊፎርኒያን ብርቱካን እያደረቀ ለነበረው ነጭ ጥጥ መሳይ ተባይ መፍትሔ ፍለጋ አውስትራሊያ ሄዶ አንዲት ትንሽ ቀይ ጥንዚዛ ላከ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የብርቱካን ገበሬዎቹ ነፍስ ዘሩ። በኦገስት ርጭት እትዬ ደጃፍ ላይ ያለቁት የእሷ ዘመዶች ናቸው።

በጁላይ ተመልሼ ስሄድ እትዬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጽጌረዳቸው ዘንድ ነበሩ። በአንድ እጃቸው የሳሙና ውሃ ያለበት የቡና ጣሳ ይዘዋል። የጃፓን ጥንዚዛ ገብቷል። አንገቱ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፣ ጀርባው የመዳብ ቀለም፣ ጎንና ጎኑ ላይ ነጫጭ የጸጉር ጉንጉኖች ያሉት፣ በእውነቱ ለማየት የሚያምር ፍጡር ነው። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ1916 ኒው ጀርዚ፣ ሪቨርተን አጠገብ ባለ የችግኝ ጣቢያ ነው። የጽጌረዳውን ቅጠል ሥጋውን በልቶ ጅማቱን እንደ ወንፊት ይተዋል። ጠዋት ቀዝቃዛ ስለሆነ አይበርም፤ ጣሳውን ከሥር ይዞ ቅጠሉን መንካት ብቻ በቂ ነው፤ ራሱ ይወድቃል። «ከልጆቹ ጋር ስንት እንደያዝን እንቆጥራለን» አሉኝ። ማልዶ መልቀም የሚጠቅመው ለያዙት ብቻ አይደለም፤ የተበላ ቅጠል ሽታ ሌሎቹን ስለሚጠራ የዛሬው ሲቀንስ የነገውም ይቀንሳል። በየሱቁ የሚሸጠውን ቢጫ ወጥመድ ግን አትግዙ። በ1980ዎቹ ኬንታኪ ውስጥ የተደረገ ጥናት ወጥመዱ ከሚይዘው በላይ ወደ ግቢው እንደሚጠራ አሳይቷል።

እዚያው ጽጌረዳ ላይ አንድ አረንጓዴ ትል ነበር። እትዬ ለጥዱ የገዙትን ቢቲ ሊረጩበት ሲሉ አትክልተኛው ከለከላቸው። ማጉያውን አውጥቶ እግሩን ቆጠረ። የእሳት ራት ትል ከፊት ካሉት ስድስት እግሮች ሌላ ከሆዱ ሥር ያሉት ለስላሳ እግሮች ቢበዙ አምስት ጥንድ ናቸው፤ ይህኛው ከዚያ ይበልጥ ነበር። የተርብ ዘመድ ነው፤ ቢቲ አይገድለውም። በጣት ጠረግ አደረገውና ነገሩ አለቀ።

አሁን ሁሉም የሚፈራው ግን ገና ያላየነው ነው። የቦክስውድ የእሳት ራት ይባላል። ከምሥራቅ እስያ ተነሥቶ በ2007 ጀርመን ታየ፣ ብዙ የአውሮፓ የቤተ መንግሥት አትክልቶችን አራቆተ። በ2018 ቶሮንቶ ደረሰ፣ በ2021 ተባዩን ሊይዙ የሚችሉ ችግኞች ከካናዳ ኦሃዮን ጨምሮ ወደ ስድስት ግዛቶች ተጫኑ። በ2023 ደግሞ ሲንሲናቲ አጠገብ ባለው ክለርሞንት ካውንቲ ተገኘ። ከኮሎምበስ እስከ ሲንሲናቲ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። ትሉ ቢጫ አረንጓዴ ነው፤ ራሱ ጥቁር፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመርና ነጭ ነጠብጣብ፣ ሲያድግ አራት ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ድር ያደራል፣ ከሥሩ አረንጓዴ ኩስ ይከምራል። ቅጠሉ ሲያልቅ ቅርፊቱን መብላት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ቁጥቋጦው ይሞታል። በዓመት ከአንድ ትውልድ በላይ ስላለው ዛሬ አንድ ትል ያየ ሰው ነገ የሚል ጊዜ የለውም። ድርና ኩስ በአንድ ላይ ካያችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ለኦሃዮ የግብርና መሥሪያ ቤት አሳውቁ። ናሙና ለማስመርመር የዩኒቨርሲቲው የእፅዋትና የተባይ ምርመራ ክሊኒክ ሬይኖልድስበርግ ነው፤ ከኒው አልባኒ ቅርብ ነው።

ለዚህ ነው አዲስ የሚተክል ሁሉ ደጃፉን በአንድ ተክል ብቻ እንዳይሞላ የምለምነው። በ2002 ሚሺጋን፣ በ2003 ኦሃዮ የተገኘው አረንጓዴ ጥንዚዛ አመድማ ቅርፊት ያለውን የአሽ ዛፍ ሲያጠፋ፣ በአሽ ብቻ የተተከሉ መንገዶች ባዶ ቀርተዋል። የግድ ቦክስውድ ካላችሁም ቫርዳር ቫሊ የሚባለው ዝርያ ለቅጠል ቆፋሪዋ አይመቻትም፤ የችግኝ ሻጩን በስሙ ጠይቁት።

መድኃኒት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ከሥር ተጠጥቶ ወደ ቅጠል የሚወጣ መድኃኒት የቅጠል ቆፋሪዋን ትል ውስጡ ድረስ ገብቶ ይገድላል። ግን ዋጋ አለው። ኢሚዳክሎፕሪድ የተሰጠው ቦክስውድ ላይ የሸረሪት ዘመዱ ተባይ እንደሚበዛ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሳይተዋል፤ አንዱን ለማዳን ሌላውን መጥራት ነው። በጁን 2013 ኦሪገን፣ ዊልሰንቪል ውስጥ ያበቡ የሊንደን ዛፎች ላይ ክሽክሽን ለመግደል ተረጭቶ ወደ 50,000 የሚጠጉ ባምብል ንቦች ከዛፎቹ ሥር ረገፉ። የተረጨውም ክሽክሹ ጣፋጭ ፈሳሹን መኪና ላይ እንዳያንጠባጥብ ነበር። ስለዚህ ግድ ከሆነ አበባው ካለፈ በኋላ፣ ለታወቀ ተባይ፣ በጣሳው ላይ የተጻፈውን አንብቦ ነው። ያ ጽሑፍ ምክር አይደለም፤ ሕግ ነው። ለሌላ ሰው ግቢ በክፍያ መርጨትም በኦሃዮ ከግብርና መሥሪያ ቤቱ የተሰጠ ፈቃድ ይጠይቃል። ሣር በማጨድ ሥራ የተሰማሩ ወንድሞቻችን ይህን ቢያውቁ ከቅጣትም ከጤና ጉዳትም ይድናሉ። የሚረጭላችሁን ሰው ፈቃዱን፣ የመድኃኒቱን ስምና የሚገድለውን ተባይ መጠየቅ ደግሞ መብታችሁ ነው።

በኖቬምበር እትዬ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር መሰላል አቁመው ከረጢቶቹን ለቀሙ። አንድ የሊጥ ባልዲ ሙሉ ወጣ።

ዘንድሮ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ልጃቸው ደወለችልኝ። እናቷ ጠዋት ቦክስውዱን እየዞሩ ቅጠል ሲገለብጡ ነበር፤ እብጠት ያገኙት እዚህም እዚያም ብቻ ነው። ከዚያ አጥሩን ተሻግረው ወደ ጎረቤት ሄዱ። የጎረቤቷ ቦክስውድ ቀልቷል፤ ሴትየዋም ቱቦ ይዛ ውሃ እያጠጣችው ነበር። እትዬ እንግሊዝኛቸው ከሰላምታ አያልፍም። አንድ ቅጠል ቀጠፉ፣ በጥፍራቸው ገነጠሉት፣ መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩዋት። ቀጥሎም የሴትየዋን እጅ ይዘው ወደ ቁጥቋጦው ሳብ አደረጓትና፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ ጆሮዋን እንድታስጠጋ ምልክት ሰጧት።